ቤቱን ስትዘጉ ዕቃችንን የት አደረጋችሁት?

ይድረስ፦ የመልእክት መላላኪያ አገልግሎት ለምትከፍቱና ለምትዘጉ ድርጅቶች ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የተዘጉ የቻት ቤቶችንና በውስጣቸው የቀረውን ጽሑፋችንን ይመለከታል

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ከ1994 እስከ 2001 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ የአንዲት ኢንተርኔት ካፌ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ የስልክ መስመር፣ አንድ ፕሪንተር ያላት ቤት። ዛሬ ቤቷም የለችም። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ አብራ ሄዳለች። እሱ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ቁጥሬን ከሰው አፈላልጋ ደወለችልኝ። ቤሩት ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። የእናቷ አርባ ከወጣ ሳምንት አልሆነውም።

«የእማዬ ጽሑፍ አንተ ጋ ይኖር ይሆን?» አለችኝ።

መጀመሪያ ግራ ገባኝ። እናቷን በደንብ አውቃቸዋለሁ። ማንበብም መጻፍም አይችሉም ነበር። የምን ጽሑፍ? ቆይቶ ገባኝ። እኒያ ሴት በዚህ ዓለም ላይ የእሳቸው የሆነ ጽሑፍ ካላቸው፣ እሑድ እሑድ እያሉኝ እኔ የተየብኩት ቻት ብቻ ነው። ልጅቷ የድሮ አካውንቷን ለመክፈት ብዙ ደክማለች። አገልግሎቱ ተዘግቷል። የማን እንደነበር እዚህ አልጠራም። ነገሩ የአንድ ድርጅት ጥፋት ቢሆን ኖሮ ግልጽ ደብዳቤ ባላስፈለገ ነበር።

እንዴት ይሠራ እንደነበር ላስረዳ። ከእናንተ መሐል ያኔ ገና ዳዴ ይል የነበረ አይጠፋም።

ከእኛ ቤት ወደ ውጭ አገር በድምፅ መነጋገር አይቻልም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን አዋጅ በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍን ከልክሎ ነበር። ግድግዳችን ላይ «በኢንተርኔት ስልክ መደወል በሕግ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፈናል። የቴሌው የውጭ አገር ጥሪ ደግሞ ለደሞዝተኛ የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ሰው ጻፈ። ቀጥሎ ምርጫ 97 መጣ። ከዚያ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት ተዘጋ፤ እስኪከፈት ሚሊኒየሙ ደረሰ። ከሁለት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በጽሑፍ ቶሎ መነጋገር የፈለገ ሰው እንደኛ ያለ ቤት ገብቶ መቀመጥ ነበረበት።

«የቤሩቷ እናት» እንላቸው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከጊዮርጊስ በቀጥታ ይመጣሉ። ልጅቷ የምታርፈው እሑድ ነው። ዶራ የሚባል ሰፈር ካለ ኢንተርኔት ቤት ትገባለች። ቤሩት ግማሹን ዓመት ሰዓቷ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ብርዱ ሲመጣ አንድ ሰዓት ወደኋላ ትላለች። ይህን እስክናውቅ ሁለት እሑድ በከንቱ ተጎልተናል።

ልጅቷ ስትገባ ከስሟ አጠገብ ያለችው መብራት ትበራለች። «ገባች» እላቸዋለሁ። ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጋሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «እህል ትበያለሽ ወይ በላት።» እጽፋለሁ። ከታች ልጅቷ እየጻፈች መሆኗን የሚያሳይ መስመር ብቅ ይላል። «እየጻፈች ነው» እላቸዋለሁ። ትንፋሻቸውን ውጠው ስክሪኑን ያያሉ። መስመሩ ብቅ ብሎ ምንም ሳይላክ ሲጠፋ «ምነው፣ ተወችው?» ይላሉ። አንዳንዴ እውነትም ትተወዋለች። የጻፈችውን አጥፍታ «ደህና ነኝ» ብላ ትልካለች። እሳቸው ግን ያቺን የጠፋችውን ያውቋታል። «ልትለኝ የነበረው ሌላ ነው» ይሉኛል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዓቱ ይቆጥራል። እኛ ቤት ደቂቃው 35 ሳንቲም ነበር። ባለቤትየው ከጓዳ ስልኩን ካነሳ መስመሩ ይቆረጣል። መብራት ሄዶ ዩ ፒ ኤሱ መጮህ ሲጀምር ስድስቱም ኮምፒውተር ላይ ያለ ሰው ባንድ አፍ ይንጫጫል። አንዱ ለሚስቱ፣ አንዷ ለወንድሟ፣ አንዱ አይቷት ለማያውቃት ልጅ «ቻው» ለማለት ይሽቀዳደማል።

የምንጽፈው በላቲን ፊደል ነበር። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል መዝገብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም እኛ ቤት ኮምፒውተሮች ላይ ቻት ውስጥ የሚያነበው አልነበረም። ስለዚህ «ጠ» እና «ተ» አንድ ሆኑ። አንዱ ደንበኛችን ዋሽንግተን ላለች እህቱ «አባዬ መጣ» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው ከሆስፒታል መውጣታቸው ነው። እሷ «መታ» ብላ አነበበችው። «ማንን ነው የመታው? በዚህ ዕድሜው!» ብላ መለሰች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኤም፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ። ያ ቃል ዛሬ ከእናንተ የአንዱ ትልቅ ድርጅት ስም ሆኗል። መጣ ይሁን መታ እኛም እስካሁን አልለየልንም።

ቅሬታችን እንግዲህ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ አዘጋጋችሁ። ያሁ ሜሴንጀር እንደሚዘጋ የተነገረው እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 2018 ሲሆን የተዘጋው ሐምሌ 17 ነው። ቁጠሩት፤ አርባ ቀን አይሞላም። እኛ ሰው ሲሞት እንኳ አርባ ቀን እንጠብቃለን። አይ ሲ ኪው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የነበረ፣ የሁሉም ታላቅ ወንድም የሚባል ነው። በ2024 ግንቦት መጨረሻ ላይ ተነገረ፣ ሰኔ 26 ተዘጋ። አንድ ወር። ስካይፕ ትንሽ ይሻላል፤ በ2025 የካቲት ማብቂያ ላይ አስታውቆ ግንቦት 5 ዘጋ። ኤ አይ ኤምም ኤም ኤስ ኤንም ከእነሱ ቀድመው ሄደዋል። የያሁ የሕዝብ ቻት ሩሞችማ ከ2012 ጀምሮ የሉም።

ጽሑፋችሁን አውርዱ ተብሏል ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ለአንዳንዱ ተብሏል። ለማን? በጊዜው ኢሜይሉን ለሚከፍት፣ እንግሊዝኛ ለሚያነብ፣ ኮምፒውተር ለያዘ ሰው። የቤሩቷ ልጅ በዚያ ጊዜ ሦስተኛ አሠሪዋ ጋ ነበረች። ስልኳን ሲፈቀድላት ነው የምታገኘው። አከራይ እንኳ ውጣ ሲል ዕቃውን በር ላይ ያስቀምጣል። እናንተ ቤቱንም ዕቃውንም አብራችሁ አፈረሳችሁት።

ሁለተኛ፣ ዝም ያለ ሰው እንደሞተ መቁጠራችሁ። ለተወሰነ ጊዜ ያልተከፈተ አካውንት ይሰረዛል። ይህ ሕግ የማን እንደሆነ አላውቅም እንጂ የእኛ አይደለም። እኛ አገር ሰው አሥር ዓመት ድምፁ ጠፍቶ አንድ ቀን ማለዳ በር ያንኳኳል። ሰውም «ግባ» ይለዋል። የጠፋ ፓስዎርድ ለማስመለስ ደግሞ የምትጠይቁት የድሮ ስልክ ቁጥር ነው። ልጅቷ የጠፋባት እሱ ራሱ ስልኩ ነው! ለእርዳታ ክፍሉ ስትጽፍ በደቂቃ ውስጥ ምላሽ መጣላት። ደስ አላት። ማሽን ነበር። ሁለተኛም ጻፈች፤ ያንኑ ደብዳቤ መለሰላት።

ሦስተኛው የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም ነው። ዛሬ ፊደላችን በእያንዳንዱ ስልክ ላይ አለ። «ጠ» አለች፣ «ጨ» አለች፣ «ጸ» እና «ፀ» ሁለቱም አሉ። ፊደሉ መጣና ጽሑፉ ሄደ። አሁን ሰው የሚልከው ቮይስ ነው። አራት ደቂቃ ቮይስ ይመጣልሃል። ሦስቱ ደቂቃ «እ… እንዴት ነህ… ቆይ አንዴ መኪና ነው» ነው። ቁም ነገሩ የት ላይ እንዳለ አታውቅም፤ መፈለግ አትችልም፤ ታክሲ ውስጥ ማዳመጥ አትችልም። ጽሑፍ ሲኖር ደግሞ የተላለፈ ነው። የቤተሰባችን ግሩፕ ውስጥ በበዓል ቀን ሰባ «እንኳን አደረሳችሁ» ይወርዳል። ሁሉም ፎቶ ነው፣ ሁሉም ከሌላ ሰው የመጣ። ዶሮውም ፈንዲሻውም አንድ ዓይነት። አንድም ሰው በገዛ ጣቱ የጻፈ የለም።

ጥፋቱ ሁሉ የእናንተ ነው ማለቴ አይደለም፤ ቮይሱን የምንልከው እኛው ነን። ግን ያንን የመሰለ ትልቅ የማይክ ቁልፍ አውራ ጣታችን ሥር ያስቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ከዚሁ ሳልወጣ አንድ ነገር። ድሮ ሰው ሲገባ መግባቱን፣ ሲወጣ መውጣቱን ያሳያል። «ምሳ ሄጃለሁ»፣ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ይለጥፋል። መልስ ካልሰጠህ አልተቀየምክም ማለት ነው፣ ወጥተሃል። አሁን የምንወጣበት በር የለም። ሁላችንም ሌሊትና ቀን ቤት ውስጥ ነን። ሁለት ሰማያዊ ጭረት አይተህ መልስ ካጣህ ኩርፊያ ነው። በሁለት ጭረት የተጣላ ጋብቻ ሽምግልና ተቀምጬ አውቃለሁ። ቀልድ መስሏችሁ ይሆናል።

አራተኛ፣ አጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍት ተስማምተው የአንዱ ደንበኛ የሌላውን ማናገር ችሎ ነበር። ተፎካካሪዎች ናቸው፤ ግን ሆነ። ጎግል ቶክም ሲጀምር ማንም ሊጠቀምበት በሚችል የጋራ መግባቢያ ነበር የሚሠራው። ፌስቡክም ለተወሰኑ ዓመታት በውጭ ፕሮግራም መግባት ይፈቅድ ነበር። ከዚያ ሁሉም በሩን ቆለፈ። ይኸው ዛሬ እኔ አምስት መላላኪያ ስልኬ ላይ ጭኜ እዞራለሁ። ወንድሜ አንዱ ላይ፣ አለቃዬ ሌላው ላይ፣ የእድሩ ጸሐፊ ሦስተኛው ላይ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ትልልቆቹን መላላኪያዎች ከሌሎች ጋር እንዲያግባቡ ያስገድዳል። ስለዚህ መሥራት አንችልም አትበሉን። ለፍራንክፈርት የሚሆን ነገር ለፒያሳም ይሆናል።

አይ አር ሲ የሚባለውን የድሮ የጽሑፍ ቻት እዩት። እ.ኤ.አ. በ1988 ያርኮ ኦይካሪነን የሚባል ፊንላንዳዊ ኦሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆኖ ሠራው። አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ነው። አንዱ ሰርቨር ቢበላሽ ሰዎቹ ተነሥተው ሌላ ጋ ይሄዳሉ። በ2021 ፍሪኖድ የተባለው ትልቁ መሰባሰቢያ በባለቤትነት ጠብ ሲታመስ ተጠቃሚዎቹ በሳምንታት ውስጥ ሊቤራ ወደሚባል አዲስ ቤት ተሻገሩ።  መልኩ አያምርም፣ ስቲከር የለውም። ግን እስከ ዛሬ አለ።

እንደ ገነት እያወራሁት ከሆነ ይቅርታ። አልነበረም። «የ22 ዓመት ተማሪ ነኝ» እያለ የሚጽፈውን የሃምሳ ዓመት አባወራ ሻይ ሳቀርብለት አይቻለሁ። ቻት ሩም ገብቶ በቋንቋው ምክንያት የተሰደበ አይቻለሁ። ፓልቶክ በሚባለው የድምፅ ቻት ሩም ላይ ማይክ በተራ ነው የሚያዘው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እጁን አውጥቶ ይጠብቃል፤ ከሥር ግን በጽሑፍ የሚወርደው ስድብ ለጆሮም ለዓይንም ይከብዳል። ተታልላ ብር የላከች አለች። ይህንን የምለው ነገ «ድሮ ድሮ እያለ የሚያለቅስ ሽማግሌ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉኝ ነው። ደግሞ ገና አርባ አምስት ዓመቴ ነው።

አንድ ኑዛዜም አለብኝ። የቤሩቷ እናት ያሉትን ሁሉ አልጻፍኩም። አንድ እሑድ ልጅቷ ሦስት ወር ደሞዝ እንዳልተከፈላት ጻፈች። እኔ «ትንሽ ዘግይቷል ትላለች» ብዬ አነበብኩላቸው። እሳቸውም በተራቸው የቤት ኪራይ ሦስት ወር ውዝፍ እንዳለባቸው ንገራት አሉኝ። እኔ «እኛ ደህና ነን» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላውም ቢጫ ፈገግታ ጨመርኩበት። ልክ ነበርኩ? እንጃ። ያሉትን መጻፍ እንጂ ለሁለቱም መዋሸት የተቆጣጣሪ ሥራ አልነበረም።

ልጅቷን ባለፈው ዓመት ቡና ይዘን ስንቀመጥ ይህን ነገርኳት። አልገረማትም። ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣች። ውስጡ ዘጠኝ ወረቀት አለ። እናትየው አንዳንዴ «ይህንን አውጣልኝ» ይሉኝ ነበር፤ ፕሪንት ነው፣ ገጹ አንድ ብር። ከነጠላቸው ሥር፣ ሳጥናቸው ውስጥ አስቀምጠውት ኖሯል። ማንበብ የማይችሉትን ወረቀት። ከስንት ዓመት እሑድ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። የድርጅቱ ሰርቨር ያልያዘውን የእንጨት ሳጥን ያዘው።

ጣቷን መስመሩ ላይ እያስሄደች «ይቺ እማዬ ናት» አለችኝ። «እህል ትበያለሽ ወይ» የሚለው ላይ ነው። ወረደችና «ይሄ ደግሞ አንተ ነህ» አለች። በምን አወቅሽ አልኳት። ቢጫዋ ፈገግታ ወረቀቱ ላይ ሁለት ነጥብና ቅንፍ ሆና ቀርታለች። «እማዬ ፈገግታ አትልክም ነበር» አለች። ያኔውኑ ለይታው ኖሯል። ቤሩት ሆና ፈገግታውን እየዘለለች ነው ስታነብ የነበረችው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

አገልግሎት ስትዘጉ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት አስቀድማችሁ ንገሩን። ተጠቃሚው በሚያነበው ቋንቋ ንገሩን፤ ለአማርኛ አንድ ገጽ ማስተርጎም አያከስራችሁም።

ጽሑፉን ስትሰጡን ኢንጂነር የማይፈልግ አድርጋችሁ ስጡን። ሁለቴ ተጭነነው የሚከፈት፣ ፕሪንት የሚደረግ ይሁን። እኛ ወረቀት ላይ እምነት አለን፤ ምክንያቱን ከላይ ጽፌያለሁ።

ዝም ያለ አካውንት ከመሰረዛችሁ በፊት ውስጡ ያለውን አስቀምጡ። ባለቤቱ ሲሞት ልጆቹ ማስረጃ ይዘው የሚጠይቁበት፣ ሰው ያለበት መስኮት ክፈቱ። ማሽን አይደለም ያልኩት፣ ሰው።

እርስ በርስ አግባቡን። አውሮፓ ላይ የምትጀምሩትን ወደ እኛም አምጡት።

የምንወጣበትን በርም መልሱልን። «የለሁም» ብዬ መለጠፍ እፈልጋለሁ።

ቀድሞ ከዘጋችሁት ውስጥ ደግሞ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ዲስክ ላይ የቀረ ካለ በግልጽ ተናገሩ። የለም ከሆነም የለም በሉን። ልጅቷ እየጠበቀች ነው።

ከሰላምታ ጋር፣

የቀድሞ የኢንተርኔት ካፌ ተቆጣጣሪ፣
በራሱና በእሑድ ደንበኞቹ ስም
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
– ለወመዘክር (የቻት ወረቀትም መዝገብ መሆኑን ታሳቢ በማድረግ ዘጠኝ ገጽ ቅጂ ብናመጣ ትቀበሉን እንደሆነ እንድታሳውቁን)
– አሮጌ ኮምፒውተር ቆጥ ላይ ላስቀመጣችሁ የቀድሞ ኢንተርኔት ካፌ ባለቤቶች (ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ሃርድ ዲስኩን እንድታዩልን)